ሦስት የኮድ ብሎክ አጣምሬ የመጨረሻውን ውጤት ብቻ እንዴት ላውጣ?

ጤና ይስጥልኝ፣ ከጎንደር ነኝ። የማስተርስ ጽሑፌን በኢማክስ (የጽሑፍ ማዘጋጃ ፕሮግራም) ኦርግ ሞድ እየሠራሁ ነው። ማብራሪያውም የፓይተን ኮዱም እዚያው አንድ ፋይል ውስጥ ነው። የምተነትነው የደምቢያን የዝናብ መረጃ ነው።

ሦስት ብሎኮች አሉኝ። አንዱ መረጃውን ያነባል፣ ሁለተኛው ያጸዳል፣ ሦስተኛው የየወሩን አማካይ በሠንጠረዥ ያወጣል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት በኖዌብ (ብሎክን በስሙ ሌላ ብሎክ ውስጥ መክተቻ ዘዴ) በስማቸው ጠርቼ ሦስተኛው ውስጥ አስገባለሁ። እስከዚህ ሰላም ነው።

ጣጣው ውጤቱ ላይ ነው። የውጤት ምርጫውን «ቫልዩ» ስለው፣ ያለ ሴሽን (ብሎኮቹ የሚጋሩት ክፍት ሆኖ የሚቆይ ፓይተን) ኮዱን ፈንክሽን ውስጥ ስለሚከተው «ሪተርን» (ውጤት መላሽ ትእዛዝ) ይፈልጋል። እያንዳንዱን ለብቻው ለማየት ብዬ ሁሉም ላይ ሪተርን ጻፍኩ። ሲጣመሩ ግን የመጀመሪያው ሪተርን ላይ ያበቃል! ሠንጠረዡ የለም፣ ጥሬው መረጃ ብቻ ይመጣል። ወደ «አውትፑት» ስቀይረው ደግሞ የሦስቱም ፕሪንት ተግተልትሎ ይወጣል። ይሄን ጉድ ለአማካሪዬ አላሳይም።

ሴሽን ሞክሬአለሁ፣ ይሠራል። ግን መብራት ከሄደ (የላፕቶፔ ባትሪ ከሞተ ቆይቷል) ሁሉንም በቅደም ተከተል እንደ አዲስ ማስኬድ ነው። ባለፈው ማጽጃውን ረሳሁት። የጎደለው ቀን -99 ተብሎ ስለተመዘገበ የሐምሌ ዝናብ ከዜሮ በታች ሆኖ አረፈው።

ብሎኩ ለብቻው ሲሄድ ውጤቱን እንዲያሳይ፣ ሲጣመር ግን ዝም እንዲል ማድረግ ይቻላል? ሪተርኑን ለብቻው ትንሽ ብሎክ ላድርገው ብዬ አስቤ ነበር፤ ፋይሉ በብሎክ እንዳይጥለቀለቅ ፈራሁ። የሞከራችሁት ካለ አንድ ምሳሌ ጣል አድርጉልኝ።