ከ15 ዓመት በኋላ ወደ ኮሌጅ መመለስ፦ ቅዳሜዬን ማን ይያዝልኝ?

የደብረ ሲናዋ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ደብረ ሲና ነው። 36 ዓመቴ ነው፤ የሁለት ልጆች እናት ነኝ። በ2000 ዓ.ም ዩኒቨርሲቲ ገብቼ አካውንቲንግ እማር ነበር። ሁለተኛ ዓመት ላይ አባቴ አረፈ። እናቴ ብቻዋን ቀረች፤ ታናናሾቼ ገና ልጆች ነበሩ። ዊዝድሮዋል (የትምህርት ማቋረጫ ቅጽ) ሞልቼ ወጣሁ። ስወጣ «ለአንድ ዓመት ነው» ብዬ ነበር።

ያ አንድ ዓመት ይኸው 15 ሆነ።

ቆሎ እየሸጥኩ ነው የምተዳደረው። በደብረ ሲና ያለፈ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ የደሴ መኪና ሲቆም በመስኮት የሚሸጠው ነው። እናቴ ያሳደገችን በዚሁ ነው። አሁን እኔ ትንሽ ሱቅ አለችኝ። ሐሙስ ማታ ገብሱን በውሃ አርሳለሁ። አርብ ይሸከሸካል፣ ይቆላል፣ ከሱፍና ከሽምብራ ጋር ይደባለቃል። ቅዳሜና እሁድ መንገደኛ የሚበዛበት ቀን ነው። የኤክስቴንሽን ትምህርቱም ቅዳሜና እሁድ ነው። ጭንቀቴ እዚህ ላይ ነው።

ለምን አሁን ትሉ ይሆናል። ባለፈው ወር ሳጥን ስናጸዳ ትልቋ ልጄ አንድ ወረቀት አገኘች። ስምንተኛ ክፍል ናት። በፌስታል ጠቅልዬ ያስቀመጥኩት የግሬድ ሪፖርቴ ነው። ጠርዙ ቢጫ ሆኗል፤ ጽሑፉ ግን ይነበባል። ጮክ ብላ አነበበችው። «እማ፣ ቢ ፕላስ አለሽ እኮ!» አለች። ቀጥላ «ታዲያ ለምን አልጨረስሽም?» አለችኝ። መልስ አጣሁ። የአያቷን ሞት ታውቃለች፤ ነግሬያታለሁ። እሷ የጠየቀችኝ የዛሬውን ነው።

ባለቤቴ አይቃወምም። «ከቻልሽ» ነው የሚለኝ። እስቲ በዚህ ዕድሜ የተመለሳችሁ ካላችሁ ንገሩኝ። የድሮ ኮርስ ይያዛል? እስከ ደብረ ብርሃን 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በየሳምንቱ ይቻላል? ጭንቅላቴስ? እንግሊዝኛ ካነበብኩ ስንት ዘመኔ።

የሸዋ ሮቢቷ ነርስ

እህቴ፣ እኔ በዲፕሎማ 9 ዓመት ሠርቼ ነው የተመለስኩት። ከሸዋ ሮቢት ደብረ ብርሃን ነበር የምመላለሰው፤ ከአንቺ ይርቃል። እኔን ከመንገዱ በላይ የፈተነኝ ብርዱ ነው። የመጀመሪያ ቀን በስስ ሸሚዝ ሄጄ፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ክፍል ስገባ ጣቶቼ እስክሪብቶ አልያዝ አሉኝ። ከዚያ በኋላ ጋቢ ጉልበቴ ላይ ጣል እያደረግኩ ተማርኩ። አንቺ ከጣርማበር ተራራ ሥር ነሽ፤ ብርዱን ለምደሽዋል።

በየቀኑ ደርሶ መልስ ግን አትሞክሪው። ክረምት ላይ ጣርማበር ጭጋግ ሲወርድ ሹፌሩ ከፊቱ ያለውን መኪና አያይም። ዋሻውን አልፋችሁ እስክትወጡ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ያልፋል። መንገድ የሚዘጋበት ቀንም አለ። እኔ ከሁለት ሴቶች ጋር ለቅዳሜ ማደሪያ አንድ ክፍል ተከራይተን ነበር። ለሦስት ሲካፈል ከትራንስፖርቱ ያንሳል። ደግሞ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ አንድ ጎበዝ ጓደኛ ያዢ። መንገድ ተዘግቶ የቀረሁ ቀን ሰሌዳውን ፎቶ አንስታ በቴሌግራም የምትልክልኝ ልጅ ባትኖር አልጨርስም ነበር።

ወንድምሽ

እኔ አልመክርም። ዲግሪ ይዞ ቤት የተቀመጠውን ወጣት እያየሽው ነው። ለክፍያ የምታወጪውን ሱቅሽ ላይ ጨምሪበት። ከልቤ ነው የምልሽ።

የመንዝ መምህር

እኔም አቋርጬ የተመለስኩ ነኝ። ዲግሪዬን የያዝኩት በ44 ዓመቴ ነው።

ስለ ኮርሱ በስልክ አትጠይቂ። የግሬድ ሪፖርትሽንና የዊዝድሮዋል ቅጽሽን ይዘሽ ራስሽ ሬጅስትራር ሂጂ። ወደ ሌላ ኮሌጅ ከሆነ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ያስፈልግሻል፤ ያኔ በመደበኛ ስትማሪ የፈረምሽው ኮስት ሸሪንግ፣ ማለትም የወጪ መጋራት ዕዳ፣ ጥያቄ ይነሳል። ቀድመሽ ገንዘቡን አስቢበት። የእኔ የድሮ ኮርስ አብዛኛው አልተያዘልኝም፤ ሥርዓተ ትምህርቱ ተቀይሮ ነበር። በጣም ነው የከፋኝ። ግን ልንገርሽ፣ ትምህርቱ በደንብ የገባኝ ሁለተኛ ስማረው ነው።

አንቺ ስታቋርጪ ያልነበረ ነገር ደግሞ አለ፤ የመውጫ ፈተና። በ2015 ዓ.ም ነው የተጀመረው። የመንግሥትም የግልም ኮሌጅ ተማሪ ይፈተነዋል። ማለፊያው 50 በመቶ ነው። ያላለፈ ዲግሪ አይሰጠውም፤ ድጋሚ መፈተን ግን ይችላል። ፈተናው በኮምፒውተር ነው። እኔ በመጀመሪያው ዙር 46 አመጣሁ። ትምህርቱ ጠፍቶኝ አይደለም። ማውዝ ይዤ አላውቅም ነበር፤ ከጥያቄ ጥያቄ ስሻገር፣ ወደ ኋላ ስመለስ ሰዓቱ አለቀ። ከዚያ ልጄ ሁለት ወር ሙሉ ማታ ማታ አለማመደኝና አለፍኩ። ስለዚህ ኮምፒውተሩን ከመጀመሪያው ዓመት ልመጂው፤ ለመጨረሻ አታቆዪው።

እንግሊዝኛውን በልጅሽ የስምንተኛ ክፍል መጽሐፍ ጀምሪ። አብራችሁ አንብቡ። ቆሎው እስኪበርድ አንድ ገጽ ይበቃል።

የደብረ ሲናዋ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አልመክርም ላልከኝ ወንድሜ፣ ሥራ ልቀጠር ብዬ አይደለም። ዱቤውን በጭንቅላቴ ነው የምይዘው። አምና ገብስ ሲወደድ ትርፌ የት እንደገባ ሳላውቅ ዓመቱ አለቀ። ሒሳቤን ራሴ መሥራት እፈልጋለሁ። የጀመርኩትንም መጨረስ እፈልጋለሁ።

ትናንት ማታ ለእናቴ ነገርኳት። ምጣዱ ፊት ነበረች። ቆሎውን ማማሰሏን ሳታቋርጥ «ቅዳሜንና እሁድን እኔ እቀመጥልሻለሁ» አለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ «ያኔም ያስቀረሁሽ እኔ ነኝ» አለች። 15 ዓመት እንዲህ እያሰበች መኖሯን አላውቅም ነበር። አቅፌያት ተቀመጥኩ፤ አንዱ ምጣድ አረረብን።

ሰኞ በመጀመሪያው መኪና እሄዳለሁ። ጋሼ፣ ከግሬድ ሪፖርቱ ሌላ ምን ልያዝ? ፎቶ ስንት ይፈልጋሉ? እዚህ ፎቶ ቤቱ እሁድ ስለሚዘጋ ነገ ልነሳ ነው።