4294967297 ለምን ለ641 ይካፈላል?

መዝገብ ያዥ፦
ጤና ይስጥልኝ። እኔ የሒሳብ መዝገብ ሠራተኛ ነኝ፤ እንጀራዬ መደመርና መቀነስ ነው። ልጄ 8ኛ ክፍል ናት። ትናንት ማታ 3፣ 5፣ 17፣ 257፣ 65537 ብላ ደረደረችና «አባ፣ ሁሉም ፕራይም ናቸው፤ ቀጣዩስ?» አለችኝ። ፕራይም ማለት ለ1ና ለራሱ ብቻ የሚካፈል ቁጥር ነው። ከአንዱ ላይ 1 ይቀነሳል፣ የቀረው በራሱ ይባዛል፣ 1 ይጨመራል፤ ቀጣዩ ይወጣል። በዚህ ሒሳብ ተረኛው 4294967297 ነው። በ3፣ በ7፣ በ11፣ በ13 ሞከርኩት፤ እምቢ አለ። ኢንተርኔት ግን ለ641 ይካፈላል ይላል። እውነትም በካልኩሌተር 6700417 ደረሰ። ያገኘው ሰውዬ ካልኩሌተር አልነበረውም። ታዲያ 641ን ከየት አመጣው?

ጡረተኛ መምህር፦
ልጅዎን ሳሙልኝ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ፌርማም እ.ኤ.አ. በ1640 «ሁሉም ፕራይም ናቸው» ብሎ ገምቶ ነበር። በ1732 ሌላው የሒሳብ ሊቅ ኦይለር ግምቱን አፈረሰው።

የዚህን ቁጥር አካፋይ ሁሉ ለ64 ብናካፍለው 1 ይተርፋል። ይህን ያረጋገጠውም ኦይለር ነው። ስለዚህ 3ም 7ም 11ም መሞከር አያስፈልጋቸውም። ከ65 ጀምረው 64 እየጨመሩ ይሂዱ፣ ፕራይሞቹን ብቻ ይያዙ፦ 193፣ 257፣ 449፣ 577፣ 641። አምስተኛው ላይ ተያዘ!

ሳያካፍሉ ማየትም ይቻላል፤ እኔ የምወደው ይሄኛውን ነው። ቁጥራችን 2³² + 1 ነው። 641 ደግሞ 5 × 2⁷ + 1 ነው። ስለዚህ በ641 ዓይን፣ ማለትም 641ን እንደ ዜሮ ስንቆጥረው፣ 5 × 2⁷ ማለት −1 ነው። አራት ጊዜ በራሱ እናባዛው፤ 5⁴ × 2²⁸ እንግዲህ 1 ሆነ። አሁን 5⁴ን እንያት። 625 ናት፤ ከ641 የምታንሰው በ16 ነው፣ ማለትም −2⁴ ናት። እሱን እንተካ፦ −2³² = 1። ስለዚህ 2³² + 1 ዜሮ፤ ምንም አይተርፍም። ወረቀት ላይ ሦስት መስመር አይሞላም። ልጅቷ ራሷ ትጻፈው፣ እርስዎ አይንኩባት።

ኮድ ጸሐፊ፦
መምህር ጨርሰውታል፤ እኔ አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ልጅቷ በኮምፒውተር ልሞክር ካለች፣ 32 ቢት (ኮምፒውተር ቁጥር የሚያስቀምጥበት ቦታ ስፋት) ውስጥ የሚገባው ትልቁ ቁጥር 4294967295 ነው። ይሄኛው በ2 ይበልጣል። ዞሮ 1 ይሆንና ፕሮግራሙ ያለ ምንም ስህተት መልእክት «ለ641 አይካፈልም» ይላታል። 64 ቢት ትጠቀም።

መዝገብ ያዥ፦
ተባረኩ ሁላችሁም። 193ን ራሷ ሞክራ ጥላዋለች፣ አሁን 257 ላይ ናት። መምህር፣ ከዚህ ቀጥሎ ያለውስ?

ጡረተኛ መምህር፦
18446744073709551617። እሱም ይካፈላል፣ ለ274177። እ.ኤ.አ. በ1880 ያገኘው ላንድሪ የሚባል ፈረንሳዊ ነው፤ ዕድሜው ከ80 አልፎ ነበር፣ ለእኛ ለጡረተኞች ደስ ይላል። በዚህ ሰልፍ ከ65537 ወዲህ እስከ ዛሬ አንድም ፕራይም አልተገኘም፤ የለም ብሎ ያረጋገጠም የለም።