«ንስሐ» እና «ጸጸት» አንድ ናቸውን?

ጥያቄ፦ በስብከት «ንስሐ ማለት መጸጸት ነው» ሲባል ደጋግሜ እሰማለሁ። ሌሎች ደግሞ «ንስሐ» ተብሎ የተተረጎመውን የግሪኩን ቃል «ሜታኖያ» ለሁለት ከፍለው «የሐሳብ ለውጥ ነው፤ ከጸጸት ጋር አይገናኝም» ይላሉ። የቱ ያስኬዳል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሁለቱም ይጎድላቸዋል። 2ኛ ቆሮንቶስ 7፥10ን ያንብቡ፤ ጳውሎስ ወደ መዳን የሚያደርሰውን ንስሐ «ጸጸት የሌለበት» ይለዋል። ሁለቱ ቃላት አንድ ቢሆኑ ኖሮ ይህ ዐረፍተ ነገር ራሱን ባፈረሰ ነበር! ይሁዳም በማቴዎስ 27፥3 «ተጸጸተ» ተባለ እንጂ ንስሐ ገባ አልተባለም፤ ግሪኩም እዚያ የተጠቀመው ሌላ ግሥ ነው።

ቃሉን ከፍሎ መፍታትም አያዛልቅም። በዮናስ 3፥10 እግዚአብሔር በነነዌ ላይ ሊያመጣ ስለተናገረው ክፉ ነገር «ተጸጸተ» ይላል የአማርኛው መጽሐፍ። የሰባ ሊቃናት የግሪክ ትርጉም በዚህ ቦታ ያስገባው ግሥ «ሜታኖያ» የወጣበትን ነው። በአማርኛ ግን እግዚአብሔር ንስሐ ገባ የሚል ማን ነው? የቃል ትርጉም የሚታወቀው ከአገባቡ ነው። ምእመን ፊት ቆሞ የግሪክ ቃል የሚሰነጥቅ ሰባኪ ቢያንስ እነዚህን ጥቅሶች አስተያይቶ ቢወጣ እመኛለሁ፤ የሰማው ሕዝብ ያንን ትርጉም ይዞ ይኖራልና።

ሌላ አባል፦ የላቲኑም ታሪክ ይጨመር። የጀሮም የላቲን መጽሐፍ ቅዱስ ትርጉም በማቴዎስ 4፥17 ያለውን «ንስሐ ግቡ» የሚለውን ቃል «ፔኒቴንሲያም አጊቴ» አለው፤ ይህም «ቀኖና ፈጽሙ» ተብሎ ሊሰማ የሚችል ነው። የሆላንዱ ሊቅ ኢራስመስ በ1516 የግሪኩን አዲስ ኪዳን ሲያሳትም በማስታወሻው ይህን አተረጓጎም ሞገተ። የተሐድሶው መሪ ሉተርም በ1517 ካወጣቸው 95 አንቀጾች የመጀመሪያው የምእመን ሕይወት በሙሉ ንስሐ እንዲሆን ክርስቶስ መፈለጉን ይናገራል፤ ሁለተኛው ቃሉ ካህን የሚያስፈጽመውን ኑዛዜና ካሳ ማለት አለመሆኑን ያክላል።

ጠያቂው፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። «ንስሐ ግቡ» ሲባል «ግቡ» የሚለውስ ከየት መጣ?

መልስ፦ እሱ የአማርኛው ጸጋ ነው። ገዳም ገባ፣ ሱባዔ ገባ፣ ንስሐ ገባ እንላለን። የገባ ሰው ቦታ ለውጧል፤ ገብቶም ይቆያል። ጸጸት ግን አይገባም፤ «ጸጸት ገባ» ብንል ጆሮ ይጎረብጣል። ሰው ባለበት ሆኖ ሊጸጸት ይችላል።