ከጨጓራ መድኃኒት በኋላ ሆዴ እየተነፋ ነው፣ የአንጀት ባክቴሪያ በምግብ ይመለሳል ወይ?

የኮምቦልቻዋ፦

ሰላም እንዴት ናችሁ ወገኖች፣ ትንሽ ረዘም ይላል ግን እባካችሁ አንብባችሁ የምታውቁትን ንገሩኝ። ኮምቦልቻ ነው የምኖረው፣ ልብስ ስፌት ላይ በሺፍት እሰራለሁ። ከ4 ወር በፊት ጨጓራዬን በጣም ሲያቃጥለኝ አንድ ክሊኒክ ሄጄ የጨጓራ ባክቴሪያ አለብሽ ተባልኩና ለ14 ቀን ሶስት አይነት መድኃኒት ሰጡኝ፣ አንድም ቀን ሳላቋርጥ ጨረስኩት፣ ማቃጠሉም አልሃምዱሊላህ ተወኝ። ግን ያኔ ሽሮ አትብዪ፣ ባቄላ አትብዪ፣ እንጀራም ይኮመጥጣል ተዪው ብለውኝ ስለነበር እኔም ፈርቼ ይኸው እስካሁን የምበላው ነጭ ሩዝ፣ መኮሮኒና ፉርኖ ዳቦ በሻይ ብቻ ሆነ። አብረውኝ የተከራዩት ልጆችም ለሺፍት ሰዓት ይቀላል ብለው ያንኑ ነው የሚሰሩት፣ የጤፉን ዋጋ ደግሞ ታውቁታላችሁ።

አሁን ሌላ ጣጣ መጣብኝ። ሽንት ቤት በ4 ቀን በ5 ቀን አንዴ ነው የምሄደው፣ እሱም በስንት ምጥ። ከሰዓት በኋላ ሆዴ እንደ ከበሮ ይወጠርና ማሽን ላይ መቀመጥ ያቅተኛል፣ የቀሚሴን ዚፕ ከፍቼ ጋውኑን ከላይ ደርቤ ነው የምውለው። ባለፈው ለእረፍት ደሴ እናቴ ጋ ወጥቼ የባቄላ ንፍሮ ቀረበ፣ ናፍቆኝ ስለነበር አንድ ሰሃን ሙሉ በላሁና ሌሊቱን ሙሉ ሆዴ ሲጮህ ሲቆርጠኝ አደረ፣ እናቴ ሁለቴ ተነስታ ዝንጅብል አፈላችልኝ።

ስልክ ላይ ሳነብ አንቲባዮቲኩ ጥሩዎቹንም የአንጀት ባክቴሪያዎች ይገላል፣ ፋይበር ያለው ምግብ ይመልሳቸዋል ይላል። እውነት በምግብ ይመለሳሉ? ፋይበሩ ራሱ የሚነፋኝ ከሆነስ እንዴት ነው የምበላው? ፋርማሲ ደግሞ ባክቴሪያው በካፕሱል ይሸጣል አሉኝ፣ ዋጋው የሳምንት አስቤዛዬን ያህላል፣ ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ?

የሸዋ በር እናት፦

ልጄ አብሽሪ፣ አላህ ያሽርሽ። አራት ወር ሙሉ ያልቀመስሽውን ባቄላ በአንድ ቀን ሰሃን ሙሉ ስትበዪ ሆድሽ ምን ያድርግ፣ ደግሞ ለሊት! እኔ ልጆቼን ሁሉ በጥራጥሬ ነው ያሳደግኩ፣ የሚነፋ ሆድ ያለውም ነበረ፣ ዘዴው አሰራሩ ላይ ነው። ባቄላውም ሽምብራውም ማታ በብዙ ውሃ ይነከራል፣ ጠዋት ስታዪው ውሃው ቢጫ ሆኖ አረፋ ይዞ ታገኚዋለሽ፣ እሱ ይደፋ፣ በሱ እንዳትቀቅዪው። ታጥቦ በሌላ ውሃ ነው የሚቀቀል፣ እኛ ደሴ ብርዱ ላይ ቶሎ አይበስልም፣ ከሰል የምትቆጥቢ ከሆነ በደንብ ነክሪው። ከንፍሮ ደግሞ ጉንቁል ይሻልሻል። የነከርሽውን ውሃውን አጥልለሽ እርጥብ ጨርቅ አልብሰሽ አስቀምጪው፣ እኛ ጋ ሶስት ቀንም ይፈጃል፣ እናንተ ጋ ሙቀት ስለሆነ ሁለት ቀንም አይሞላው፣ እየገለጥሽ እጠቢው እንዳይሸትሽ፣ ጫፉ ላይ ነጭ ጭራ ብቅ ሲል ቀቅለሽ በጨው ብቻ ብዪው። ጣፋጭ ነው፣ ሆድም አይጫንም። መጀመሪያ ግን አንድ እፍኝ፣ ሰሃን አይደለም እሺ?

ነርስ ደሴ፦

እህቴ ደሴ የምሰራ ነርስ ነኝ፣ ያንቺ አይነቱን በየጊዜው ስለምሰማ ዘርዘር አድርጌ ልጻፍልሽ። እትዬ ከላይ ያሉሽ በሳይንሱም ልክ ነው፣ ባቄላ ውስጥ እኛ መፍጨት የማንችላቸው ራፊኖስ፣ ስታኪዮስ የሚባሉ የስኳር አይነቶች አሉ፣ ጋዝ የሚያበዙት እነሱ ናቸው፣ ሲነከር ከፊሉ ውሃው ውስጥ ይወጣል፣ ሲበቅል ደግሞ ቡቃያው ራሱ ይጠቀምባቸዋል።

አሁን ወደ ባክቴሪያዎቹ። ሰውነታችን ውስጥ 38 ትሪሊዮን ገደማ ባክቴሪያ አለ ተብሎ ነው የሚገመተው፣ የራሳችን ሴል 30 ትሪሊዮን አካባቢ ነው፣ ከባክቴሪያዎቹ አብዛኞቹ ያሉት ትልቁ አንጀት ውስጥ ነው። አንቺ የምትበዪው ሩዝና ፉርኖ ዳቦ ግን ላይ ትንሹ አንጀት ላይ ተፈጭቶ ወደ ደም ገብቶ ያልቃል፣ እታች ላሉት የሚደርሳቸው የለም ማለት ይቻላል። ፋይበርን (አሰር የሚሉትም አሉ) የኛ ሰውነት መፍጨት ስለማይችል ሳይነካ ታች ይደርስና የነሱ ቀለብ ይሆናል። እነሱም በምላሹ ቡታይሬት፣ አሲቴት፣ ፕሮፒዮኔት የሚባሉ አሲዶች ይሰራሉ፣ በተለይ ቡታይሬት የትልቁ አንጀት ግድግዳ ሴሎች ዋና ጉልበታቸው ነው፣ ከደም ከሚያገኙት ይልቅ ከዚህ ነው የሚኖሩት። ቀለቡ ሲቋረጥስ? በፈረንጆቹ 2016 በወጣ የአይጥ ጥናት ፋይበር የተከለከሉት አይጦች ባክቴሪያዎቻቸው የአንጀቱን ግድግዳ የሚሸፍነውን ዝልግልግ ሽፋን መብላት ጀምረው ተገኝተዋል። አይጥና ሰው አንድ አይደለም፣ እኔ ግን ይሄን ካነበብኩ ወዲህ ለታካሚ «ሩዝ ብቻ ብላ» ማለት አቁሜያለሁ።

ይመለሳሉ ወይ ላልሽው፣ አዎ፣ ከአንቲባዮቲክ በኋላ አብዛኞቹ በሳምንታትና በወራት ውስጥ ይመለሳሉ፣ አንዳንዶቹ ግን ይዘገያሉ። ያንቺን ያከበደው መድኃኒቱ ብቻ አይመስለኝም፣ መድኃኒቱ ካለቀ በኋላም አራት ወር ቀለባቸውን መዝጋትሽ ነው። ምግብ ደግሞ ቶሎ ነው የሚሰራው። በ2015 በወጣ ጥናት 20 ጥቁር አሜሪካውያንና 20 የደቡብ አፍሪካ ገጠር ነዋሪዎች ለ2 ሳምንት ምግብ ተቀያየሩ፣ አሜሪካኖቹ ፋይበር የበዛበትን የገጠሩን ምግብ ሲበሉ ቡታይሬታቸው ጨመረ፣ የአንጀታቸው ብግነት ቀነሰ፣ ገጠሬዎቹ ደግሞ በርገርና ጥብሱን ሲበሉ የተገላቢጦሽ ሆነባቸው። በሁለት ሳምንት! እኔን ተስፋ የሚሰጠኝ ይሄ ነው።

መጠኑን በተመለከተ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ቢያንስ በቀን 25 ግራም ይላል። አንድ ትልቅ ኩባያ የበሰለ ምስር ወደ 15 ግራም አለው፣ ያንኑ ኩባያ በነጭ ሩዝ ብትሞዪው 1 ግራም እንኳ አይሞላም። ግን ከምንም ተነስተሽ 25 እንዳትገቢ፣ ጋዙ የሚመጣው ባክቴሪያዎቹ ፋይበሩን ሲያብላሉት ስለሆነ ድንገት ሲበዛ ሆድ ይወጠራል፣ ንፍሮው ያደረገሽ እሱን ነው። የመጀመሪያውን ሳምንት ምሳ ላይ ሁለት ሶስት ማንኪያ የክክ ወይም የምስር ወጥ ብቻ፣ ሆድሽ ከተቀበለ በየአራት አምስት ቀኑ ጨምሪ፣ ከዛ ጎመን፣ ካሮት፣ የገብስ ቅንጬ። ገብስና አጃ ቤታ ግሉካን የሚባል ውሃ ይዞ የሚያብጥ ፋይበር አላቸው፣ አብሽና ተልባም አይነቱ ሌላ ቢሆንም ውሃ ይዞ የሚያብጥ ፋይበር አላቸው፣ ለድርቀት ጥሩ ናቸው። ተልባ ሳይፈጭ ከዋጥሽው እንዳለ ይወጣል፣ ወቅጠሽ በብዙ ውሃ ነው። ውሃ ሳትጠጪ ፋይበር ብትጨምሪ ድርቀቱ ይብስብሻል፣ ይሄን አደራ፣ ሺፍት ላይ ሽንት እንዳያስነሳሽ ብለሽ ውሃ የምትቀንሺ ከሆነ እሱንም አስቢበት።

እንጀራው የሚያቃጥልሽ ጊዜ መተውሽ ልክ ነበር፣ ማቃጠሉ ከተወሽ ግን የእድሜ ልክ ክልከላ አይደለም። ካፕሱሉን እኔ ብሆን አልገዛም። በ2018 በወጣ አንድ አነስተኛ ጥናት ከአንቲባዮቲክ በኋላ ፕሮባዮቲክ (ያው በካፕሱል የሚሸጠውን ባክቴሪያ) የወሰዱት ሰዎች ካልወሰዱት ይልቅ የራሳቸው ባክቴሪያ ለመመለስ ዘግይቶባቸዋል። ብሩን ምስር ግዢበት።

የሀረጎ ሹፌር፦

እኔም የምለው አለኝ፣ ከደሴ ኮምቦልቻ ቀኑን ሙሉ ስመላለስ እየተቀመጥኩ ድርቀት አሰቃይቶኝ ነበር፣ ሀረጎ ቁልቁለት ላይ ቤንዚን ሳይሆን ሆዴን ነበር የማስበው ወላሂ። የተገላገልኩት እንጀራ ላይ ስመለስ ነው። እህቴ ለምን ካፕሱል ትያለሽ፣ እንጀራ ራሱ ባክቴሪያ ነው እኮ፣ ሊጡ ሶስት ቀን ሲቦካ ሲፈላ አይተሽ የለ? እሱን በልተሽ በላዩ እርጎ ብትጠጪ በቃ። እርጎውን ከገጠር የሚያመጡትን ነው፣ ያልፈላ የላም ወተት።

ዱቄት ፋብሪካ የሰራሁ፦

ወንድሜ ሀሳብህ ደግ ነው ግን ሁለት ነገር ላርምህ ብዬ ነው። ሊጡ ላይ ባክቴሪያና እርሾ በደንብ አለ፣ ነገር ግን ምጣድ ላይ ሲጋገር በሙቀቱ ያልቃሉ፣ ስለዚህ በህይወት ያለ ባክቴሪያ ከእንጀራ አታገኝም። አንተን የረዳህ ፋይበሩ ነው፣ ጤፍ ቅንጣቷ ትንሽ ስለሆነች ገለባዋን መለየት አይቻልም፣ ሙሉዋን ነው የምትፈጨው፣ 100 ግራም ጤፍ 8 ግራም ገደማ ፋይበር አለው። መቦካቱም ከንቱ አይደለም፣ ብረት እንዳይመጠጥ የሚይዘውን ፋይቴት ይቀንሳል። አይብም እሳት ላይ ስለሚወጣ እንደ እንጀራው ነው። እርጎና አሬራ ግን በህይወት ያሉ ባክቴሪያዎች አሏቸው፣ በ2021 በወጣ የ36 ሰዎች ጥናት እርጎና ሌላ የቦካ ነገር ለ10 ሳምንት በብዛት የተመገቡት ሰዎች የባክቴሪያ አይነታቸው በዝቶ ብግነታቸው ቀንሷል።

ያልፈላ ወተት ግን በአላህ ተወው፣ ብሩሴላ የሚባል በሽታ የሚያመጣ ባክቴሪያ አለ፣ የከብት ቲቢ አለ። ወተቱን አፍሉት፣ ጣት የሚያስችል ለብታ ላይ ሲደርስ ከቀድሞው እርጎ ሁለት ማንኪያ ጨምሩበትና ሸፍናችሁ አሳድሩት፣ ጥሩ እርጎ ይሆናል።

አንድ ነገር ደግሞ ከራሴ ስራ ልናገር። ከ100 ኪሎ ስንዴ ነጩ ዱቄት 70 እስከ 75 ኪሎ ቢሆን ነው፣ የቀረው ፉርሽካ ሆኖ በጆንያ ይወጣና ለከብት ይጫናል። ፋይበሩ ያለው እዛ ጆንያ ውስጥ ነው። እጄን ከትቼበት አውቃለሁ፣ ቡናማ፣ ቀላል፣ የስንዴ ሽታው ከዱቄቱ በላይ ነው፣ ላሞቹ ከኛ የተሻለ ይበላሉ እያልኩ ያሳዝነኝ ነበር። ስለዚህ እህቴ ጤፍ ከተወደደብሽ ስንዴና ገብስ ገዝተሽ ወፍጮ ቤት አስፈጪ፣ ሳትነፊ ቂጣ ጋግሪበት፣ ማሽላም ቀላቅለሽ እንጀራ ይወጣዋል፣ ከተማችን ውስጥ የዚህ ወፍጮ አይጠፋም።

የኮምቦልቻዋ፦

አላህ ይስጣችሁ ሁላችሁንም። ሶስት ሳምንት አለፈኝ ስለዚህ ልንገራችሁ ብዬ ነው። ምስሩን በሶስት ማንኪያ ጀመርኩ፣ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ትንሽ ነፋኝ ግን እንደ ንፍሮው ሌሊት አይደለም። ከልጆቹ ጋር አዋጥተን 10 ኪሎ ስንዴና 5 ኪሎ ገብስ አስፈጨን፣ ወፍጮ ቤት ያለው ሰውዬ «አትነፉትም?» ብሎ ሁለቴ ጠየቀን። ቂጣው መጀመሪያ ሻከረን፣ አሁን ለምደነው ፉርኖው ነው ባዶ ባዶ የሚለን። እትዬ ጉንቁሉ በሁለተኛው ቀን ጭራ አወጣ! አንድ እፍኝ በላሁ ምንም አልሆንኩም። ሽንት ቤት አሁን በሁለት ቀን አንዴ ነኝ፣ ከሰዓት መወጠሩም ቀንሷል ግን ሙሉ በሙሉ አልተወኝም። ያ ክሊኒክ ደግሞ ባክቴሪያው መጥፋቱን በደም እንመርምርሽ ብለውኛል፣ ልመርመር? ረመዳን ሲገባስ ምን ላድርግ?

ነርስ ደሴ፦

ማሻአላህ፣ በጣም ደስ ብሎኛል። በደም አትመርመሪ፣ የደሙ ምርመራ የሚያየው ሰውነትሽ ባክቴሪያውን ለመከላከል የሰራውን ፀረ እንግዳ አካል ነው፣ እሱ ባክቴሪያው ከጠፋም በኋላ ለረጅም ጊዜ ደም ውስጥ ይቆያል፣ አለብሽ ብለው ድጋሚ 14 ቀን አንቲባዮቲክ ያስገቡሻል፣ የመለስሻቸውም ባክቴሪያዎች እንደገና ይመታሉ። የባክቴሪያውን ምልክት ሰገራ ላይ የሚፈልገውን፣ የሰገራ አንቲጅን የሚባለውን ምርመራ ጠይቂ፣ መድኃኒቱ ካለቀ ቢያንስ 4 ሳምንት ሲሞላው ነው የሚሰራው፣ አንቺ አልፎሻል፣ ኦሜፕራዞል (የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰውን መድኃኒት) የምትወስጂ ከሆነ ደግሞ ከምርመራው በፊት 2 ሳምንት ይቁም።

ለረመዳን ሱሁር ላይ የገብስ ቅንጬ ወይም በሶ፣ ማታ ከሾርባው ጋር ምስር ወይም ሽምብራ፣ ውሃውን በአንዴ ሳይሆን ከአፍጥር እስከ ሱሁር እየከፋፈልሽ። ሳምቡሳውን ከቴምሩና ከሾርባው በኋላ አድርጊው። በመሀል ሰገራሽ ላይ ደም ካየሽ፣ ሳትፈልጊ ከከሳሽ፣ ህመሙ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስሽ ከሆነ ግን ምግብ ላይ አትቆዪ፣ ሀኪም ዘንድ ሂጂ።

የሸዋ በር እናት፦

እሰይ ልጄ! ደሴ ስትወጪ ለእናትሽ ጉንቁሉን አንቺ ስሪላት።