አባትን ይዞ አንጋፋ ባንድ ለማየት ግዮን ግቢ፦ የት ይቀመጣል? መቼ ይገባል?

የአዲሱ ገበያ ልጅ፦
ሰላም ቤተሰብ። አባቴን ግዮን ሆቴል ግቢ ውስጥ የአንድ አንጋፋ ባንድ ኮንሰርት ላሳየው ነው። 71 ዓመቱ ነው። ስኳር አለበት፣ ኢንሱሊን ይወጋል፣ ጉልበቱ ብዙ አያስቆመውም፣ አንድ ጆሮው ላይ የመስሚያ መሣሪያ ያደርጋል። ቲኬቱ በር የሚከፈተው 10 ሰዓት ነው ይላል። ቪአይፒ ልግዛለት? ድምፁስ አይጎዳውም? ማታ ስንወጣ መኪና እንዴት ይገኛል?

ከሚክሰሩ ጀርባ፦
ቪአይፒ ብዙ ጊዜ መድረኩ ሥር ነው፤ ለአባትሽ ደግሞ ከሱ የባሰ ቦታ የለም። የቤዝ ስፒከሮቹ መሬት ላይ ይደረደራሉ፣ የድምፃዊው ድምፅ ግን ከላይ ከተሰቀሉት ነው የሚመጣው። ፊት የተቀመጠ ሰው ደረቱን የሚደልቅ ቤዝ እንጂ ግጥም አይሰማም። መደበኛውን ግዢና የሚክሰሩን (የድምፅ ማስተካከያውን ጠረጴዛ) ድንኳን ተጠጊ። ባለሙያው ድምፁን የሚያስተካክለው እዚያ ቆሞ በሚሰማው ነው።

ጆሮን በተመለከተ፦ 85 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ ነው) ለ8 ሰዓት ይቻላል፤ በየ3 ዴሲቤሉ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል፤ 100 ላይ ሲደርስ 15 ደቂቃ ብቻ ይቀራል። የሮክ ጊታር ያለበት ባንድ 100ን በቀላሉ ያልፋል። ጥጥ መወተፍ ብዙም አይጠቅምም። የስፖንጅ መድፈኛ የሥራ ደህንነት ዕቃ ከሚሸጡ ሱቆች ይገኛል። በጣት አሽተሽ አቅጥኚው፣ በሌላው እጅሽ ጆሯቸውን ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳቢ፣ አስገብተሽ እስኪነፋ 30 ሴኮንድ ያህል ያዥው። ግማሹ ውጭ ከቀረ አልገባም ማለት ነው። መስሚያው እዚያ ድምፁን ስለሚያፍነውና ስለሚያንጫርረው አውልቀው ማስቀመጫው ውስጥ ያድርጉት፤ ሁለቱም ጆሮ ይደፈን።

ሲስተር፦
እኔን የሚያሳስበኝ ስኳሩ ነው። ኢንሱሊን ተወግተው ሳይበሉ ፍተሻ ሰልፍ ላይ መቆም፣ ችግሩ ከዚያ ይጀምራል። ቤት በልተው ይውጡ። እስክስታም ቢራም ስኳር ያወርዳል፤ ሁለቱ ሲደመሩ ደግሞ ይብሳል። ላብና መንቀጥቀጥ ሲታይ በጭፈራው መሃል «ሞቅ ብሏቸው ነው» ተብሎ ይታለፋል። ከተጠራጠርሽ ለኪ፤ መለኪያ ከሌለ ሳትጠብቂ 3 የሻይ ማንኪያ ስኳር በግማሽ ብርጭቆ ውኃ ስጫቸው፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ ካልተሻላቸው ድገሚ። ራሳቸውን ከሳቱ ግን በአፍ ምንም አይሰጥም፣ አምቡላንስ ነው። ስኳሩን በትንሽ ላስቲክ ቋጥረሽ ኪስሽ ያዢ፤ ጭማቂ በር ላይ ሊያስጥሉሽ ይችላሉ። መርፌ ስለያዛችሁ የሐኪም ማዘዣው አብሮ ይሁን። ጋቢም አትርሺ፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ከሆነ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል።

ዘመድ፦
10 ሰዓት ላይ አትግቡ። በር ተከፈተ ማለት ባንዱ ወጣ ማለት አይደለም፤ መጀመሪያ ዲጄ፣ ከዚያ ወጣት ዘፋኞች ናቸው። አንጋፋ ባንድ ደግሞ ሰው የሚጠብቃቸውን ዘፈኖች ወደ መጨረሻው ነው የሚያስቀምጠው፤ ቀድመው የገቡ ሽማግሌ እዚያ ሳይደርሱ ይደክማሉ። 12 ሰዓት ተኩል አካባቢ ግቡ። (በደርግ ዘመን በሰዓት እላፊ ምክንያት በር ተዘግቶ እስኪነጋ ይጨፈር ነበር። አባትሽ «እኛ ለምደነዋል» ቢሉሽ እንዳትሰሚያቸው፤ ያኔ ወጣት ነበሩ።)

መውጫ ላይ ከበሩ ፊት ራይድ መጥራት ዋጋ የለውም። ኔትወርኩ ይጨናነቃል፣ ከመስቀል አደባባይ እስከ ስታዲየም ያለው መንገድም ይዘጋጋል። ከሾፌር ጋር ቀድመሽ ተነጋገሪና ወደ ፍልውሃ በኩል ይጠብቃችሁ። ባቡሩን አትመኑት። ከመጨረሻው ዘፈን በፊት መውጣት ይሻላል፤ አባትሽ ከፈቀዱልሽ።

የአዲሱ ገበያ ልጅ፦
ቪአይፒውን ተውኩት። የሚክሰሩን ድንኳን በጨለማ እንዴት አገኘዋለሁ?

ከሚክሰሩ ጀርባ፦
ከመድረኩ ፊት ለፊት፣ መሃል ላይ ነው፤ ጠረጴዛው ላይ ትንንሽ መብራት ታያለሽ። ከመድረኩ ወደዚያ የሚሄደው ገመድ በጎማ ወይም በጣውላ ይሸፈናል፣ ሰው የሚደናቀፈውም እሱ ላይ ነው። በኋላ በኩል ዞራችሁ ግቡ፣ ወንበሩንም ገመዱ ከሌለበት ጎን አድርጊላቸው።