ዩኒቨርሲቲ ከመግባቴ በፊት የትኛውን ላስቀድም?

ጀማሪዋ፦

ጤና ይስጥልኝ። የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ፤ በሚቀጥለው ዓመት ዩኒቨርሲቲ ለመግባት እየተዘጋጀሁ ነው። እስካሁን ጥሩ ውጤት ይዤ የቆየሁት ደብተሬን ደጋግሜ በማንበብና ፈተና ሲቃረብ ሌሊቱን ጭምር በመሸምደድ ነው። ይህ አካሄድ እዚያ አያዋጣም የሚሉኝ ብዙዎች ናቸው፤ በምን እንደምተካው የነገረኝ ግን የለም። አንዱ የአንደኛ ዓመት መጻሕፍትን ከወዲሁ ጨርሺ ይለኛል፤ ሌላው ደግሞ አሁን እረፊ፣ እዚያው ስትደርሺ ትለምጂዋለሽ ይላል። በቀሩኝ ጥቂት ወራት ጊዜዬን በምን ላይ ባውለው እንደሚሻል፣ ያለፋችሁበት ሰዎች ብትመክሩኝ ውለታችሁን አልረሳም።

የፊዚክስ መምህር፦

እህቴ፣ መጻሕፍቱን አስቀድሞ መጨረስ የሚለውን ምክር አልደግፍም። አዲስ ገቢዎችን ሳስተምር በፈተና ወረቀታቸው ላይ ደጋግሜ የማየው ችግር ከአዲሱ ትምህርት ክብደት ይልቅ ከታችኛው ክፍል ተንከባልሎ የመጣ የሒሳብ ክፍተት ነው። ተማሪው የኒውተንን ሁለተኛ ሕግ በትክክል ይጽፋል፣ ኃይሎቹንም በሥዕል ያሳያል፤ ፍጥንጥነቱን ለብቻው ለማውጣት ሲሞክር ግን የእኩልታውን አንድ ወገን ብቻ አካፍሎ ሌላውን እንዳለ ይተወዋል፤ ወይም የሁለት ቁጥሮችን ድምር በካሬ ሲዘረዝር የብዜታቸውን እጥፍ ይዘለዋል። ፊዚክሱን ያውቀዋል፤ ነጥቡን የሚያስጥለው አልጀብራው ነው። ስለዚህ ወደ ሳይንስ የምታዘነብዪ ከሆነ ክፍልፋይን፣ እኩልታን፣ ሎጋሪዝምንና ትሪጎኖሜትሪን እጅሽ እስኪለምዳቸው ድረስ ሥሪ። ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ ከሆነ ደግሞ አንድ ምዕራፍ አንብበሽ የጸሐፊውን ዋና ሐሳብ በራስሽ ቃል በ5 ዓረፍተ ነገር መጻፍን ተለማመጂ፤ ቀላል ይመስላል እንጂ ብዙዎችን ያስጨንቃል።

ሌላው ሰዓት ነው። በአውሮፓ የክሬዲት አሠራር አንድ የትምህርት ዓመት 60 ክሬዲት ሲሆን፣ አንዱ ክሬዲት ከ25 እስከ 30 ሰዓት የሚወስድ ሥራ ተደርጎ ይገመታል። እንግዲህ 5 ክሬዲት ያለው ኮርስ ቢያንስ 125 ሰዓት ይጠይቃል ማለት ነው። ከዚህ ውስጥ 50 ሰዓቱን ክፍል ገብተሽ ብትከታተዪ እንኳ 75 ሰዓት ይቀርሻል፤ ያንን ጊዜ በምን እንዳሳለፍሽ የሚጠይቅሽ ሰው አይኖርም።

የሦስተኛ ዓመት ተማሪ፦

መምህሩ በተናገሩት ላይ ከራሴ ጥፋት ልጨምር። በመጀመሪያው ሳምንት ከእያንዳንዱ ኮርስ ጋር አንድ ሁለት ገጽ የኮርስ መግለጫ ይሰጣል፤ የሚሸፈኑት ርዕሶች፣ የፈተና ሳምንታትና እያንዳንዱ ሥራ ከመቶ ስንት እንደሚይዝ የተጻፈው እዚያ ላይ ነው። እኔ አጥፌ ደብተሬ ውስጥ ከተትኩት። የላቦራቶሪ ሪፖርት 20 ከመቶ እንደሚይዝ ያወቅሁት ሴሚስተሩ ሊያልቅ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት፣ ከስምንቱ ሪፖርቶች ሦስቱን ብቻ አስገብቼ ነበር። የቀሩትን የሚቀበለኝ አላገኘሁም፤ ቀኑ በግልጽ ተጽፏልና የምከራከርበትም ነገር አልነበረኝም።

የጂፒኤ (የአማካይ ውጤት) ስሌትንም ከወዲሁ ዕወቂው። ከ4 ነጥብ በሚያሰሉ ተቋማት ኤ 4፣ ቢ 3፣ ሲ 2 ነጥብ ይይዛል፤ ነጥቡ በኮርሱ ክሬዲት ተባዝቶ ይደመርና ለጠቅላላው ክሬዲት ይካፈላል። በ4 ክሬዲት ኮርስ ሲ፣ በአንድ ባለ 3 ክሬዲት ቢ፣ በሌላው ባለ 3 ኤ፣ በባለ 2 ክሬዲቱም ኤ ብታገኚ ድምሩ 37 ይሆናል፤ ለ12 ሲካፈል 3.08 ነው። ሲዋ ባለ 2 ክሬዲቱ ላይ፣ ኤዋ ደግሞ ባለ 4ቱ ላይ ብታርፍ ኖሮ 3.42 ይሆን ነበር። የውጤቶቹ ዓይነት አልተለወጠም፤ የተለወጠው ያረፉበት ቦታ ብቻ ነው። እኔ በዚያ ሴሚስተር ብዙ የደከምኩት የምወደው ትንሹ ኮርስ ላይ ነበር።

የትምህርት ሥነ ልቦና ባለሙያ፦

ስለ ሽምደዳው ያነሣሽውን ማንም አልመለሰልሽም። ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት ተማሪዎች አጭር ጽሑፍ አንብበው ከፊሉን ጽሑፍ ደግመው እንዲያነቡ፣ ሌላውን ደግሞ ሳያዩ የሚያስታውሱትን እንዲጽፉ አደረጉ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደግመው ያነበቡት በለጠ። ከአንድ ሳምንት በኋላ ግን በቃላቸው ከጻፉት 56 ከመቶ ያህሉን ሲያስታውሱ፣ ደግመው ካነበቡት ያስታወሱት 42 ከመቶ ገደማ ነበር። የአንቺ ዘዴ እስካሁን የጠቀመሽ ፈተናው በማግሥቱ ስለሚሆን ይመስለኛል፤ አራት ወር ሙሉ የተማርሽውን በአንድ ጊዜ በሚጠይቅ ፈተና ግን ይከዳሻል። ደብተሩን ዝጊና ባዶ ወረቀት ላይ የምታስታውሽውን ሁሉ ጻፊ፤ ከዚያ ገልጠሽ የጎደለውን በሌላ ቀለም ሙዪ፤ በሁለተኛውና በሰባተኛው ቀን ድገሚው። መጀመሪያ ላይ ወረቀቱ ሲራቆት ያሳፍራል። ደጋግሞ ማንበብ የሚያሳስተው ግን ዓይን የለመደውን ገጽ አእምሮም ያወቀው ስለሚመስለን ነው።

ጀማሪዋ፦

ከልብ አመሰግናለሁ። የባዶ ወረቀቱን ዘዴ ዛሬ በባዮሎጂ ሞክሬው ገጹን ግማሽ እንኳ መሙላት አልቻልኩም፤ የምችለው ይመስለኝ የነበረ ምዕራፍ ነው። ሁለት ጥያቄ ቀርቶኛል። ለሒሳብ ይህ ዘዴ እንዴት ይሠራል? እንዲሁም አንድ ነገር ሳይገባኝ ሲቀር፣ ብዙ ተማሪ ለሚያስተምር መምህር እንዴት አድርጌ ልጠይቅ?

የፊዚክስ መምህር፦

ለሒሳብ ቀመሩን በቃል መጻፍ ብዙም አይጠቅምሽም። የተሠራውን ምሳሌ ጥያቄውን ብቻ አስቀርተሽ መፍትሔውን በወረቀት ሸፍኚው፤ ራስሽ ሥሪና ስትጨርሺ አስተያዪው። ከአንድ ምዕራፍ አሥር ተመሳሳይ ጥያቄ ከመደርደርም ከተለያዩ ምዕራፎች ቀላቅለሽ ሥሪ፤ በፈተና ላይ ይህ ጥያቄ የየትኛው ምዕራፍ ነው ብሎ የሚነግርሽ የለምና።

መምህርን ስለመጠየቅ፦ ብዙዎቻችን ተማሪ የምናነጋግርበት ሰዓት በቢሯችን በር ላይ ተለጥፏል፤ የሚመጣው ግን ጥቂት ነው፣ እሱም ፈተና ሲደርስ። «ምዕራፉ አልገባኝም» ብለሽ ብትመጪ ከየት እንደምጀምርልሽ አላውቅም። የሞከርሽበትን ወረቀት ይዘሽ ነይና «እስከዚህ መስመር ደርሻለሁ፤ ከዚህ ወደሚቀጥለው እንዴት እንደተሄደ ጠፋኝ» በዪኝ። ያን ጊዜ ችግርሽን ለማየት አንድ ደቂቃ አይፈጅብኝም፤ የተሰረዘውንም ቢሆን አታጥፊው፣ ብዙውን ጊዜ ስሕተቱን የማገኘው እዚያ ላይ ነው።