ጥቆማ፦ ልጆች ይዘው ለሚመጡ እንግዶች ባሕር ዳር በየትኛው ወር ትሻላለች?

ዓባይ ማዶ
ሰላም ጤና ይስጥልኝ። እህቴ ከባሏና ከሁለት ልጆቿ ጋር (ሴቷ 9፣ ወንዱ 6 ዓመት) ከጀርመን ልትመጣ ነው። ሰውዬውም ልጆቹም አገሩን አያውቁትም። በጠቅላላ 12 ቀን ነው ያላቸው፤ አራቱን እዚህ፣ የቀረውን ጎንደርና ላሊበላ። የልጆቹ ትምህርት ቤት ስለማይፈቅድ ምርጫቸው ሁለት ብቻ ነው፦ ወይ ከሐምሌ አጋማሽ እስከ ነሐሴ መጨረሻ፣ ወይ የፈረንጆቹ ገና ዕረፍት፣ ማለትም ከታኅሣሥ 13 እስከ 27 ገደማ። ጢስ ዓባይንና ገዳማቱን ማየት ይፈልጋሉ። ትኬቱ በዚህ ሳምንት ይቆረጣል። የቱን ልበላት?

ግሽ ዓባይ
መስከረም። አለቀ። ዝናቡ እየወጣ፣ አደይ አበባው ሜዳውን ሞልቶት፣ ፏፏቴው ገና ሳይጎድል። መስከረም 16ና 17 ደግሞ ደመራውንና መስቀሉን ያያሉ። ከዚህ የተሻለ ወር አልተፈጠረም።

ሽምብጥ
መስከረም ደስ ይላል፣ ግን ጭቃው ገና አልደረቀም። እንግዳ ከሆነ ጥር ነው። ጥምቀትን ጎንደር ፋሲል መዋኛ ያላየ ኢትዮጵያን አየሁ አይበል። በ2019 ጥር 11 ማክሰኞ ነው፣ በፈረንጅ ጃንዋሪ 19። ጳጉሜ 6 ቀን በሆነች ማግሥት በሚገባው ዓመት ግን ጃንዋሪ 20 ላይ ይውላል። በዚች አንድ ቀን ትኬት የሚሳሳት አይጠፋምና ልብ በሉ። ከተራው ከበዓሉ እኩል ስለሆነ ጥር 9 ጎንደር መግባት ያስፈልጋል። ክፍል በጥቅምት ያልያዘ ሰው ጥር ላይ የሚያገኘው ወይ ከከተማ ውጭ ያለውን ነው ወይ እጥፍ ዋጋ የተጠራበትን። ከሰነበቱ ጥር 23 እንጅባራ የአገው ፈረሰኞች በዓል አለ፤ ከዚህ በዳንግላ መንገድ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

ፔዳ
ወሩን ተዉትና ጀልባውን ጠይቁ! ባለፈው ወር ዘጌ ለመሄድ በአንድ ዋጋ ተስማምተን ወጣን፤ ስንመለስ «ያ ለአንድ ቤተ ክርስቲያን ነው፣ እናንተ ሦስት ገባችሁ፣ የቆማችሁበትም አለ» ተባልን። የማን ጀልባ እንደሆነ እዚህ አልጽፍም። እኛ የአገሩ ልጆች እንዲህ ከሆንን ፈረንጅ ይዞ የሚወጣማ ሱሪውን አውልቆ ነው የሚመለሰው።

ግራር
እውነት ነው። ሆቴል በር ላይ የሚቆሙት ደላሎች ናቸው ያበላሹት። ጀልባ የላቸውም፣ ኮሚሽን ብቻ ነው።

ጀልባ ነጂ
ሁሉንም በአንድ ሙቀጫ አትውቀጡን እንጂ። ጭቅጭቁ የሚመጣው «ዘጌ» ብላችሁ ስለምትስማሙ ነው። ዘጌ አንድ ወደብ አይደለም። ዑራ ኪዳነ ምሕረት የሚወረድበት ሌላ፣ አዝዋ ማርያም የሚወረድበት ሌላ። ሲነጋገሩ እንዲህ ይበሉ፦ ዋጋው ለጀልባው ነው እንጂ በሰው አይደለም፤ የምንወርደው እዚህ፣ እዚህና እዚህ ነው፤ የምንቆየው በጠቅላላ ይህን ያህል ሰዓት ነው፤ ስንመለስ የዓባይን መውጫ ለጉማሬ እናያለን ወይም አናይም። የመጨረሻዋ ነገር ሁልጊዜ ትረሳለች፤ ዞሮ መምጣት ስለሆነ ቤንዚን ትበላለች። መግቢያ የሚከፈለው ለቤተ ክርስቲያኑ ነው፣ እዚያው፣ በደረሰኝ፤ ለእኛ አትስጡ። ቀብድ ከሰጣችሁ ከግማሽ አይለፍ።

ሞተሩንም ጠይቁ። 25 የፈረስ ጉልበት ያለው ጀልባ ሰው ከሞላ ዘጌ ለመድረስ አንድ ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ 40ው ፈጠን ይላል ግን ነዳጁ ሌላ ነው። ቤንዚን ከማደያ ከጠፋ የትናንቱ ዋጋ ዛሬ አይሠራም፣ ያን ጊዜ እኛን አትስደቡ። ራቅ ያሉትን ደሴቶች ዳጋና ናርጋን ካላችሁ ደግሞ መሄጃው ብቻ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ሦስት ሰዓት ነው። የ6 ዓመት ልጅ ይዞ አይመከርም።

ግሽ ዓባይ
እኔ ከአንድ ሰው ውጭ አልሳፈርም። 11 ዓመት ሙሉ እሱ ብቻ ነው የሚወስደኝ። ዋጋ ጠይቄው አላውቅም፣ ሌላም አወዳድሬ አላውቅም። በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፣ ስልኩን እሰጣለሁ።

ግራር
ዋጋ ሳይጠይቁ 11 ዓመት! ጀልባውን ገዝተህለት ጨርሰሃል በለኝ።

ፋሲሎ
ይቅርታ፣ ከርዕስ ልወጣ ነው። ለሠርግ ፎቶ ጀልባ ስንት ነው? ሙሽሮቹ፣ ሁለት ሚዜ፣ ፎቶ አንሺና ቪዲዮ።

የጢሱ
ወደ ጥያቄው እንመለስ። ጠያቂው እኮ መስከረምም ጥርም አላለም፤ ነሐሴ ወይስ ታኅሣሥ ነው ያለው። ፏፏቴውን ብቻ ካየን ነሐሴ ነው፣ አያከራክርም። የባሕር ዳር ዝናብ ከግማሽ በላይ የሚወርደው በሐምሌና በነሐሴ ነው። ጣና ራሱ ሞልቶ የሚጨርሰው መስከረም ላይ ቢሆንም ከሐይቁ በታች የሚገቡት ወንዞች ዓባይን ቀድመው ያሳብጡታል። ያን ጊዜ ውሃው ከዳር እስከ ዳር በአንድ መጋረጃ ይወርዳል፣ መልኩ የጠላ አተላ፣ ጢሱ ከሩቅ ይታያል።

ታኅሣሥ ላይ ውሃው ከሁለት ከሦስት ቦታ ብቻ ይወርዳል። ዝናብ በማቆሙ ብቻ አይደለም። ጣና ከሚፈስበት አፍ ላይ ጨራ ጨራ በር አለ፣ የሚለቀቀው ውሃ እዚያ ይመጠናል። ከ2002 ወዲህ ደግሞ በምዕራብ በኩል ጣና በለስ ከሐይቁ በዋሻ እየሳበ 460 ሜጋ ዋት ያመነጫል፤ ያ ውሃ በጢስ ዓባይ በኩል አያልፍም። ከፏፏቴው አጠገብ ያሉት የጢስ ዓባይ ጣቢያዎችም ሲሠሩ የራሳቸውን ይወስዳሉ። ስለዚህ ታኅሣሥ ላይ የቀጠነ ግን ያማረ ነው፤ ሚያዝያና ግንቦት ላይ ግን ቋጥኝ ነው የሚታየው። በግንቦት ፏፏቴ አሳዩኝ የሚል የድሮዋን አንድ ብር ኖት ገልብጦ ይይ፣ እሷ ላይ አይጎድልም።

አሁን የነሐሴው ችግር። ከከተማው 30 ኪሎ ሜትር ነው። መንደሩ ከደረሱ በኋላ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው በአላታ ድልድይ፣ በ17ኛው ክፍለ ዘመን በተሠራው የድንጋይ ድልድይ ተሻግሮ ዳገቱን መውጣት ነው፤ ሁለተኛው ከፏፏቴው በላይ በጀልባ ተሻግሮ በሜዳ መሄድ። ውሃው ሲበረታ ሁለተኛው ይዘጋል፣ ጀልባው አይነሳም። እንግዲህ የቀረው ዳገቱ ነው፣ እሱ ደግሞ ጥቁር አፈር ነው። ሸራ ጫማ አድርጎ የመጣ ልጅ መቶ ሜትር ሳይሄድ አንዱን እግር ጫማውን ትቶ ነው የሚወጣው። ቦቲ፣ ለእያንዳንዱ ሰው ዱላ፣ ለካሜራው ፌስታል። ጠዋት 2 ሰዓት ተነስቶ እስከ 6 ሰዓት መመለስ፤ ዝናቡ በብዛት ከሰዓት በኋላና ሌሊት ስለሆነ ጠዋቱ ብዙ ጊዜ ይምራል። ታኅሣሥ ላይ ይህ ሁሉ የለም፣ በድልድዩ ገብተው በጀልባው ይወጣሉ።

ሽምብጥ
ነሐሴ ግን ቡሄ አለ። 13 ላይ ልጆቹ ሆያ ሆዬ ቢሰሙ ሰሜን ተራራም ጉም ከሚያዩ ይሻላቸዋል።

ግራር
ፔዳ፣ ያ ጀልባ ስንት ነበር የጨመረባችሁ? ለምን ሕጋዊ ደረሰኝ አልጠየቃችሁም?

ፔዳ
ደረሰኝ? ሐይቅ መሀል?

የዘጌ ቡና
እኔ ታኅሣሥን እደግፋለሁ፣ ምክንያቴም አለኝ። አንደኛ፣ ቡናው ቀይ የሚሆንበትና የሚለቀምበት ጊዜ ነው። ከወደቡ ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ሲወጣ መንገዱ በሙሉ በቡናው ጫካ ውስጥ ነው፣ ልጆቹ ፍሬውን በእጃቸው ይይዙታል፣ የተሰጣውንም ያያሉ። ሁለተኛ፣ ጣና ጠዋት ጸጥ ይላል። ነፋሱ የሚነሳው ከቀትር በኋላ ነው፣ ከ7 ሰዓት ወዲያ ማዕበሉ ጀልባውን ከፊት እየመታ ሰውን ያረጥባል። ስለዚህ በማንኛውም ወር ቢሆን 1 ሰዓት ተኩል ላይ ተነስተው በ6 ሰዓት ቢመለሱ መልካም ነው። ክረምት ላይ ደግሞ ነፋሱ ከዝናብ ጋር ስለሚመጣ ቀጠሮ አያከብርም።

ነገር ግን አንድ ነገር አስቡ፦ ቤተሰቡ ሴቶች አሉት። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት አይገባባቸውም። አባትና ልጅ ክብራን ሲገቡ እናትና ሴት ልጅ ጀልባ ላይ እንዳይቀሩ፣ እንጦስ ኢየሱስ እዚያው አጠገብ ነው፣ እሷ ለሁሉም ክፍት ናት። ዑራ፣ አዝዋ፣ ናርጋም እንዲሁ። ነጠላ ለሁለቱም ይያዝ፣ ካልሲም፤ ጫማ ወልቆ ነው የሚገባ፣ ታኅሣሥ ላይ ወለሉ ይቀዘቅዛል። ታኅሣሥ 19 ገብርኤል ስለሆነ ክብራንን ለዚያ ቀን ባታደርጉት ይሻላል፣ ሕዝቡ ብዙ ነው። እስከ 28 ደግሞ ጾመ ነቢያት ነው፤ በጾም የሥራ ቀን ቅዳሴው ከሰዓት በኋላ ስለሚገባ ሥዕሉን ለማየት ጠዋት መድረስ ግድ ነው። በቅዳሴ ሰዓት ጎብኚ አያስገቡም፣ ቢለመኑም።

ቡና ስትገዙ ከገዳሙ መንገድ ላይ ጀንፈሉን ሳይሆን የተፈለፈለውን ግዙ፤ በእፍኝ ዘግናችሁ እዩት፣ ደቃቁና ጥቁሩ ከበዛ ተዉት።

ግሽ ዓባይ
የዘጌ ቡናም በመስከረም ነው የሚጣፍጠው።

የዘጌ ቡና
በመስከረም እኮ ገና አረንጓዴ ነው ወንድሜ። የምትጠጣው የዓምናውን ነው።

ነጭ ጋወን
ስለ ጤናው ማንም አላነሳም። ወባ እዚህ የሚበረታው ክረምቱ ሲወጣ ነው፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ። ስለዚህ ታኅሣሥ ዝናብ የለም ብላችሁ አትዘናጉ። ሐኪማቸውን ከመምጣታቸው አንድ ወር በፊት ያማክሩ፤ ከወባ መከላከያ ክኒኖቹ ዶክሲሳይክሊን ለ6 ዓመት ልጅ አይሰጥም፣ ማላሮን በኪሎ ተመጥኖ ለልጅ የሚሆን አለው፣ ከመግባታቸው አንድ ሁለት ቀን በፊት ተጀምሮ ከወባው አካባቢ ከወጡ በኋላ 7 ቀን ይቀጥላል። ሐይቅ ዳር ክፍል የያዘ ሰው አጎበር መኖሩን በስልክ ይጠይቅ፣ ቀዳዳውንም ሲገባ ይይ። ሁለተኛ ነገር፣ ልጆቹ ጣና ውስጥ እግራቸውን እንዳይነክሩ። ቢልሃርዝያ አለ፤ ቀንድ አውጣዋ የምትኖረው ደንገሉና ሣሩ ባለበት ጥልቀት በሌለው ዳር ነው፣ ልጅ ደግሞ የሚጫወተው እዚያው ነው።

ሽምብጥ
ጾም ከሆነ ልጆቹ ምን ሊበሉ ነው?

ግራር
ዓሣ ነዋ፣ ባሕር ዳር እኮ ነው።

ግሽ ዓባይ
ዓሣ በጾም አይበላም።

ግራር
ልጆቹ እኮ ጾመኞች አይደሉም፣ አባታቸው ፈረንጅ ነው አለ!

የዘጌ ቡና
አትጨቃጨቁ። ለልጅ ቆሮሶ (ቲላፒያ የሚባለውን ዓሣ) እዘዙ፣ አጥንቱ ትልልቅና ለመለየት የሚቀል ነው። ነጭ ዓሣ ይጣፍጣል ግን ሥጋው ውስጥ የተበተነ ቀጫጭን አጥንት አለው፣ ለ6 ዓመት ልጅ አይሆንም። ጉላሽ ከሆነ ከምን ዓሣ እንደተሠራ ጠይቁ። ሥጋውም አይጠፋም፣ ሆቴሎች ይሠራሉ።

የጢሱ
አንድ የረሳሁት። ታኅሣሥን ከመረጡ ላሊበላን መጀመሪያ አድርጉት። ለገና የሚመጣው ተጓዥ ከታኅሣሥ 20 በኋላ ከተማዋን ይሞላታል፣ ክፍሉም ትኬቱም ያኔ አይገኝም። እነሱ ደግሞ 27 ላይ ይሄዳሉ፣ በዓሉን አያገኙትም፣ ግፊያውን ብቻ ነው የሚያገኙት። ላሊበላ፣ ጎንደር፣ ባሕር ዳር ቢሆን ይሻላል። ከአገር ቤት ውጭ የሚቆርጡት ትኬት የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከሆነ የአገር ውስጡ በረራ ዋጋው ይቀንስላቸዋልና አብረው ይያዙ። በመኪና የሚሆነውን መንገድ ግን በሳምንቱ ጠይቃችሁ እንጂ ከአሁኑ አትወስኑ። ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፣ እዚህ ወደ 8 ዲግሪ ይወርዳል፣ ላሊበላ ደግሞ ይብሳል፤ ሹራብ።

ዓባይ ማዶ
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ለልጅ የሚሆን ላይፍ ጃኬት ጀልባዎቹ ላይ አለ ወይ? ወይስ ከጀርመን ይዘው ይምጡ?

ጀልባ ነጂ
የአዋቂው ሁሉም ላይ አለ። የልጁ ልኩን እያየህ ነው። ከማለዳው በፊት፣ ከዋዜማው መጥተህ ራስህ እየው። አልብሰህ ካሰርከው በኋላ ትከሻው ላይ ይዘህ ወደ ላይ ሳበው፤ ጃኬቱ አገጩን አልፎ ጆሮው ድረስ ከወጣ አይሆነውም፣ ውሃ ላይም እንዲሁ ነው የሚያደርገው። በእግሮቹ መሀል የሚታሰር ቀበቶ ያለው ከሆነ ጥሩ። ለ6 ዓመቱ ልጅ ይዘው ቢመጡ አይከፋም፣ ሻንጣ ላይ ቦታ ይይዛል እንጂ አይከብድም።

ፋሲሎ
ስለ ሠርጉ ፎቶ ጀልባ ግን ማንም አልመለሰልኝም።

ጀልባ ነጂ
መቼ ነው ሠርጉ? ጥር ከሆነ ጠዋት ከ3 ሰዓት በፊት ጨርሱ። ከሰዓት ካላችሁ ነፋሱ ቬሎውን ሞተሩ ላይ ይጥለዋል። ሁለት ጀልባ ያስፈልጋችኋል፣ ፎቶ አንሺው ከሙሽሮቹ ጋር አንድ ላይ ከተሳፈረ የሚያነሳው ጉልበታቸውን ብቻ ነው።